ባዶው የባቡር መጋዘን የባህል ቤት ይሁን

በአገራችን ከተማ የሚቆረቆርበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ዙሪያ ይቆረቆራል፤ ሌላው የንጉሥ ወይም የመኳንንት መቀመጫ ሆኖ ይጀምራል፤ ሌላውም በገበያ ቀን ሰው በሚገናኝበት ሜዳ ላይ ቀስ በቀስ ያድጋል። ድሬዳዋ ግን የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ባይደርስ ኖሮ በደቻቱ ወንዝ ዳርና ዳር ያ ሁሉ ቤትና ጎዳና፣ ያ ሁሉ ቋንቋና ንግድ ባልተሰበሰበም ነበር። እንግዲህ ከተማይቱን የወለደው ባቡር ሥራውን ለሌላ ባቡር ካስረከበ በኋላ የእርሱ ቤቶች፣ በተለይም የዕቃ መጫኛና ማራገፊያ የነበሩት መጋዘኖች፣ ምን ይሁኑ የሚለው ጥያቄ የግንብና የቆርቆሮ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ጉዳይ ያለንን አሳብ ለአንባብያን እናቀርባለን።

አሳባችንን ከመግለጣችን በፊት ታሪኩን ባጭሩ ማስታወስ ይገባል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የምድር ባቡር እንዲሠራ ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ኢልግም ከፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመና ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ። የመጀመሪያው አሳብ ሐረር ለመድረስ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለሐዲድ እጅግ የሚያስቸግርና ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ሆኖ ስለ ተገኘ መስመሩ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳም አዲስ ሐረር ተብሎ ተሰየመ። ስሙ ግን ሳይጸና ቀርቶ የአካባቢው ሕዝብ ቦታውን የሚጠራበት ድሬዳዋ የሚለው ስም አሸነፈ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አጥሮት ስለ ወደቀ ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተደርጎ፣ አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው እስኪቀጥል ድረስ የሐዲዱ መጨረሻ ሆና የቆየችው ድሬዳዋ ነበረች፤ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከባሕር የመጣው ዕቃ እዚህ ከፉርጎ ይወርዳል፤ ወደ መሀል አገርም ለመሄድ በግመልና በበቅሎ ጀርባ እንደገና ይጫናል። ከደጋው የወረደው ቡናና ቆዳ ደግሞ ከአጋሰሱ ጀርባ ወርዶ ወደ ፉርጎ ይገባል። ይህን ማውረድና መጫን የሚሠራው፣ የሚቆጥረው፣ የሚጽፈው፣ የሚቀርጠው፣ የሚያበላውና የሚያሳድረው ሰው ሁሉ እዚያው ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። ስለዚህ ድሬዳዋ የባቡር ከተማ ናት ሲባል ይበልጡን የጭነት ጣቢያ ከተማ ናት ማለት ነው። መንገደኛው አድሮ ያልፋል፤ ከተማይቱን የሠራው ግን ጭነቱ ነው።

በዚህ የጭነት ጓሮ ውስጥ የተገናኘውን ሕዝብ ዓይነት መዘርዘር ራሱ ትምህርት ይሆናል። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው ከየአቅጣጫው መጣ፤ ከውጭም የመናዊው፣ ህንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ፈረንሳዊውና ጣሊያኑ ገባ። አንዱ ሚዛን ይመዝናል፣ ሁለተኛው ጆንያ ይሸከማል፣ ሦስተኛው ደረሰኝ ይጽፋል፣ አራተኛው በር ላይ ሻይ ያፈላል። የሂሳቡ መዝገብ የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፤ ክርክሩ ግን በሦስትና በአራት ቋንቋ ይካሄዳል። ዛሬ የድሬዳዋ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ሦስት ቋንቋ ሲያቀላቅል ብንሰማ ልማዱ የተማረው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከገበያውና ከጭነት ጓሮው መሆኑን መገመት አያዳግትም። ቋንቋችን ራሱ የባቡሩን ታሪክ ተሸክሞታል። ለገሃር የምንለው ቃል ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ ሐዲድ ከዓረብኛ ብረት ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ፉርጎም ከአውሮፓ ቋንቋ የተወረሰ ነው።

የአሮጌው ባቡር ዕድል ግን እንደ ጥንቱ አልቀጠለም። የመኪና መንገድ ተስፋፋ፤ የአሰብ ወደብ ንግዱን ተካፈለው፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ መስመሩ ተቆረጠ፣ ድልድዮቹም ተጎዱ። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡበት ከባድ አደጋ ደረሰ። ከዚያም በኋላ ሐዲዱ እያረጀ፣ መለዋወጫው እየጠፋ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው አገልግሎት ቆመ። በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በታኅሣሥ ወር 2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ ሥራውን የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ለአገራችን ታላቅ እርምጃ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ሲሆን የአዲሱ 1.435 ሜትር ስለሆነ አዲሱ ባቡር በአሮጌው መንገድ ሊሄድ አይችልም፤ የድሬዳዋው አዲስ ጣቢያም የተሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ስለዚህ በመሀል ከተማ ያሉት የአሮጌው ባቡር መጋዘኖች ወደ ጥንት ሥራቸው ይመለሳሉ ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም። ወይ ሌላ ሥራ ይሰጣቸዋል፣ ወይ ይፈርሳሉ። ሦስተኛ መንገድ የለም።

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል። ሥራ የፈታ ቤትም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የአንድ መስኮት መስታወት ይሰበራል፤ ቀጥሎ የጣራው ቆርቆሮ ይገነጠላል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ይገባና ግድግዳውን ያፈርሰዋል። በመጨረሻም «ይህማ ፍርስራሽ ነው፣ ለምን ቦታ ይይዛል?» የሚል ሰው ይመጣል። ቤቱን ፍርስራሽ ያደረገው የራሳችን ቸልተኝነት መሆኑን ግን የሚያስታውስ አይኖርም። አሳብ ማቅረብ የሚገባው ይህ ከመድረሱ በፊት ነው።

የእኛ አሳብ ይህ ነው። የአሮጌው ባቡር የጭነት መጋዘን ለከተማው ሕዝብ የባህል ቤት ሆኖ እንዲያገለግል ይደረግ። የባህል ቤት ስንልም የሚጎበኝ ብቻ ሳይሆን የሚሠራበት ቤት ማለታችን ነው።

ስለ አሮጌ ባቡር ጥበቃ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው የመንገደኛውን ጣቢያ ነው፤ እርሱ ፊቱ ያማረ ነውና ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ጠባቂም አያጣም። መጋዘኑ ግን ከኋላ ነው፤ ጌጥ የለውም፤ ዘበኛ እንጂ ጎብኚ አይቆምበትም። ዳሩ ግን ለባህል ቤት ከሁሉ የሚስማማው ይኸው ጌጥ የሌለው ቤት ነው። የባቡር ጭነት መጋዘን እንደ ደንቡ ሲሠራ መሀሉ በግድግዳ ያልተከፋፈለ፣ ጣራው ከፍ ያለ፣ በሩ ሰፊና በጎን የሚንሸራተት ነው። አንደኛው ወገኑ ለሐዲድ፣ ሁለተኛው ለጋሪና ለመኪና ይከፈታል። የወለሉም ከፍታ ከፉርጎው ወለል ጋር እኩል ስለሚደረግ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ቴያትር ለመሥራት የተዘጋጀ ቤት ነው ቢል አይሳሳትም። ዕቃ የሚወርድበት መድረክ ያለ ብዙ ወጪ የተዋናይ መድረክ ይሆናል፤ ሐዲዱ የተዘረጋበት ሜዳ ተመልካች የሚቀመጥበት ይሆናል፤ ሰፊው በር ሲከፈት ውስጡና ውጪው አንድ አዳራሽ ይሆናል። ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ ቀን ሙቀቷ ከባድ፣ ማታ አየሯ መልካም ነው። ሕዝቡም ከጥንት ጀምሮ ማታ ወጥቶ መጫወትን የለመደ ነው። አየር በማያስገባ አዲስ ግንብ ውስጥ ሕዝቡን ከመዝጋት በረንዳና ሜዳ ያለውን አሮጌ መጋዘን መክፈት ለአገሩ ጠባይ የተስማማ ነው።

አሮጌን ቤት ለአዲስ ሥራ ማዋል ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ ዛሬ በውስጡ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በሐረር በባለቅኔው በአርቱር ራምቦ ስም የሚጠራው የእንጨት ቤት የከተማው ሙዚየም ሆኗል። በአዲስ አበባም የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፍቷል። እንግዲህ የነገሥታቱን ቤት ለሕዝብ መክፈት ከተቻለ የተሸካሚውንና የመካኒኩን ቤት ለሕዝብ መክፈት የሚያቅት ምን ነገር አለ? እንዲያውም ይህ እስከ ዛሬ ሳይደረግ የቆየ ሥራ ነው። ቤተ መንግሥቱና ቤተ እምነቱ የታሪክ ቅርስ መሆኑን ሁላችንም ተቀብለናል፤ ሠራተኛ የሠራበት ቤት ቅርስ መሆኑን ግን ገና በሚገባ አልተቀበልንም።

ወደ ውጭ አገር ብንመለከትም ምሳሌው ብዙ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 የተከፈተው የፓሪስ የኦርሴ ጣቢያ መድረኩ ለረዣዥሞቹ አዲስ ባቡሮች ስላጠረ ሥራ ፈትቶ፣ ሊፈርስም ተቃርቦ ከቆየ በኋላ በ1986 ታላቅ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ሙዚየም ሆነ። በኢጣሊያ በቶሪኖ ከተማ የነበረው ሰፊው የባቡር መጠገኛ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ ከኖረ በኋላ በ2017 የሙዚቃ፣ የኤግዚቢሽንና የጥናት ቦታ ሆኖ ተከፍቷል። በፕራግ ከተማ የሚገኘው የዢዥኮቭ የጭነት ጣቢያ ደግሞ ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ ይቀርባል። በ1930ዎቹ የተሠራው ይህ ጌጥ አልባ የጭነት ቤት ይፍረስ ሲባል የከተማው ሰዎችና የቅርስ ተቆርቋሪዎች ተነሥተው ተከራከሩ፤ መንግሥትም በ2013 የባህል ቅርስ ነው ብሎ መዘገበው። ከጎረቤታችን ከኬንያም በናይሮቢ የባቡር ሙዚየም በ1971 ተቋቁሞ ተማሪዎች የአገራቸውን የባቡር ታሪክ ይማሩበታል። ምሳሌዎቹን የጠቀስነው እነዚህን ለመቅዳት አይደለም። ፓሪስ የፓሪስን ሠራች፤ ድሬዳዋ የድሬዳዋን ትሥራ።

በዚህ አሳባችን ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። የመጀመሪያው «ሕዝቡ ሥራና ውሃ በሚቸግረው ጊዜ ስለ ባህል ቤት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለው ነው። ይህን ተቃውሞ አንንቅም። ነገር ግን አስቀድሞ የቆመ ግድግዳን መጠገን ከመሠረቱ አዲስ አዳራሽ ከመሥራት እንደሚቀል፣ ቤቱም በሚገባ ከተያዘ ለባለሙያው እንጀራ እንደሚሆን አይካድም። በሌላም በኩል ከቀትር በኋላ ያለውን ሰዓት በጫትና በሥራ ፈትነት የሚያሳልፈው ወጣት የሚሄድበት ቦታ የለውም እያልን እንወቅሰዋለን። የሚሄድበትን ቦታ ሳንሰጠው መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመሬት ነገር ነው። በመሀል ከተማ ያለ ሰፊ መሬት ዋጋው ውድ ነው፤ ፎቅ ቢሠራበት ብዙ ገንዘብ ያስገኛል ይባላል። እውነት ነው፤ ያስገኛል። ሆኖም ፎቅ በሌላ ቦታም ሊሠራ ይችላል፤ ከተማይቱ የተወለደችበት ቦታ ግን አንድ ብቻ ነው። ደግሞም አንዱን ለማግኘት የግድ ሌላውን ማጥፋት አያስፈልግም። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የለገሃር አዲስ መንደር ፕላን ይፋ በሆነ ጊዜ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው አሮጌው ጣቢያ በአዳዲሶቹ ሕንፃዎች መካከል ተጠብቆ እንዲኖር፣ በቦታው የሚኖሩትም ቤተሰቦች እዚያው እንዲሠፍሩ ታስቦ መነገሩን እናስታውሳለን። ይህ አሳብ ትክክለኛ ነው። ለአዲስ አበባ ትክክል የሆነው ለድሬዳዋም ትክክል ነው።

እንግዲህ መጋዘኑ የባህል ቤት ቢሆን በውስጡ ምን ይደረግ? በበኩላችን አራት ነገሮችን እናስቀድማለን።

አንደኛ፣ የሠራተኛው ታሪክ ይሰብሰብበት። የአሮጌው ባቡር ታሪክ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የተጻፈው የነገሥታቱን ውልና የኩባንያውን ሂሳብ በመከተል ነው። የባቡር ነጂው፣ የመካኒኩ፣ የሐዲድ ጠጋኙ፣ የመዝገብ ጸሐፊው፣ የተሸካሚውና በየጣቢያው ምግብ ይዛ ፉርጎውን ትጠብቅ የነበረችው ሴት ታሪክ ግን ያለው በሰዎቹ አእምሮ ውስጥ ነው። የባቡር ሠራተኞች ማኅበር ከአገራችን ቀደምት የሠራተኛ ማኅበራት አንዱ መሆኑን ስንቱ ወጣት ያውቃል? በ1968 ዓ.ም. በሃያ ዓመቱ የተቀጠረ ሰው ዛሬ ወደ ሰባ ዓመት ግድም ደርሷል። ከእርሱ በፊት የተቀጠሩትማ እያለፉ ናቸው። ግድግዳው ለጊዜው ሊቆይ ይችላል፤ እነዚህ አባቶችና እናቶች ግን አይቆዩንም። ስለዚህ የቤቱ እድሳት እስኪጀመር ሳይጠበቅ ዛሬውኑ ድምፃቸው በየቋንቋቸው፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛም ሆነ በሐረሪ ይቀረጽ። በፈረንሳይኛ የተጻፉት የጥንት መዝገቦችም ከአቧራና ከምስጥ ወጥተው ይመዝገቡ፣ ይተርጎሙ።

ሁለተኛ፣ የጥበብ መድረክ ይሁን። ድሬዳዋ ለአገራችን ሙዚቃ ያበረከተችው ድርሻ ትንሽ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በዚህች ከተማ የተነሣው የአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን የኦሮምኛን ዘመናዊ ዘፈን መንገድ የጠረገ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ያረፈው አንጋፋው ድምፃዊ አሊ ቢራም የዚህ ቡድን ፍሬ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላት ከተማ ወጣቶቿ የሚለማመዱበት፣ የሚሳሳቱበትና የሚታረሙበት ሰፊ ቤት ሊኖራት ይገባል። ልምምድ ስንል ለበዓል ቀን ብቻ ተጠርቶ የሚመጣ የውዝዋዜ ጓድ ማለታችን አይደለም። የባህል ሥራ በየዕለቱ የሚሠራ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ የእጅ ሙያ ይሰጥበት። በድሬዳዋ የባቡሩ ዋና የጥገና ፋብሪካ ነበር። ብረት የሚቀልጥበት፣ የሚሞረድበትና የሚበየድበት፣ ከውጭ ያልተገኘ መለዋወጫ በእጅ የሚሠራበት ቤት ነበር። ለብዙዎቹ የከተማው ባለሙያዎችም ትምህርት ቤት ሆኖ አገልግሏል። ባህል ሲባል ዘፈንና ልብስ ብቻ መስሎ የሚታየን ከሆነ ተሳስተናል፤ አንድ ብረት ተበላሽቶ ሲመጣ አዙሮ አይቶ መድኃኒቱን የሚያውቅ እጅም ባህል ነው። ሽማግሌው መካኒክ ወጣቱን በዚያው ግቢ ሁለት ሦስት ቀን በሳምንት ቢያስተምር ወጣቱ ሙያ ያገኛል፣ ሽማግሌውም ክብሩን ያገኛል።

አራተኛ፣ ለልጆች የንባብ ቤት ይኑረው። አንድ አሮጌ ፉርጎ በሐዲዱ ላይ ቆሞ ውስጡ መጽሐፍ ቢደረደርበት ልጅ ሳይጠራ ይመጣል። ይህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ፍሬው ግን ረጅም ዘመን የሚቆይ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ ስንመኝ ሊደርሱ የሚችሉትን ስሕተቶች አስቀድመን ማመልከት ይገባናል። በየከተማው የባህል አዳራሽ ተብለው የተመረቁ ቤቶች ከጥቂት ጊዜ በኋላ የስብሰባና የሠርግ አዳራሽ ሆነው መቅረታቸውን የማያውቅ የለም። ምክንያቱ የገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም። ቤቱ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አለ፤ በማግስቱ አምፖሉን የሚቀይር፣ መጸዳጃውን የሚያጸዳ፣ የሚቀጥለውን ወር ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ሰው ግን አልተመደበም። ስለዚህ ለእድሳቱ ገንዘብ ሲመደብ ለየዓመቱ ጥገናና ለሠራተኛ ደመወዝ የሚሆነውም አብሮ ይመደብ። ይህ ካልሆነ ባይጀመር ይሻላል።

እድሳቱም በጥንቃቄ ይሁን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሚጠገነው በሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ መሆኑን ደንግጓል፤ ይህ መከበር አለበት። አሮጌውን ድንጋይ በአሉሚኒየምና በመስታወት ሸፍኖ «ዘመናዊ አደረግነው» ማለት ቤቱን ማፍረስ ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው ለጣራው፣ ለውሃ መውረጃው፣ ለኤሌክትሪኩና ለእሳት መከላከያው ነው። በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ጎርፍ ያደረሰውን ሐዘን የሚያስታውስ ሰው የውሃ መውረጃን ነገር እንደ ትንሽ አይቆጥረውም። ለብዙ ዘመን ዘይትና ነዳጅ የፈሰሰበት አፈርና ወለል ልጆች ሳይገቡበት በባለሙያ ይመርመር፣ ይጽዳ። የጣራውም ክዳን ለጤና የማይበጅ የአስቤስቶስ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ በጥንቃቄ ይነሣ። በግቢው ያሉትን አሮጌ ባቡሮች፣ ፉርጎዎችና ማሽኖች ደግሞ አንድ በአንድ በቁጥር መመዝገብ ያስፈልጋል። የጥንት ማሽን በኪሎ ሲመዘን ቁርጥራጭ ብረት ነው፤ በታሪክ ሲመዘን ዋጋ የለውም። አንድ ጊዜ ቀልጦ ከሄደ ተመልሶ አይገኝም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤቱ የማን እንደሚሆን መታሰብ አለበት። በግቢው ዙሪያ ሻይ የምትሸጠውን፣ ጋሪ የሚገፋውን፣ ጫማ የሚጠግነውን ሰው አባርሮ ለእንግዳ ብቻ ያማረ ቦታ ማዘጋጀት የጭነት ጣቢያውን ታሪክ መካድ ነው። ያ ቦታ ድሮውንም የቆመው በእነርሱ ዓይነት ሰዎች ጉልበት ነው። ስለዚህ የመግቢያው ዋጋ የሠራተኛው ኪስ የሚችለው ይሁን፤ በአስተዳደሩም ውስጥ ከከተማው አስተዳደር፣ ከምድር ባቡር መሥሪያ ቤቱና ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ጋር የቀድሞ የባቡር ሠራተኞች፣ የጥበብ ሰዎችና የአካባቢው ነዋሪዎች ድምፅ ይኑራቸው። ሕዝቡ «የእኛ ነው» ያለውን ቤት ዘበኛ ባይኖርም ይጠብቀዋል፤ «የእነርሱ ነው» ያለውን ግን ሠራዊት ቢቆምበት አያድነውም።

ሥራው በአንድ ቀን የሚያልቅ ስላልሆነ በየደረጃው ቢከፈል መልካም ነው። በመጀመሪያው ዓመት መዝገቡና የሽማግሌዎቹ ቃል ይሰብሰብ፣ ጣራው ይጠገን፤ በሁለተኛው አንዱ መጋዘን ይከፈትና ይሞከር፤ ከዚያ በኋላ በታየው ፍሬ መጠን ወደ ሌላው ይታለፍ። በአንድ ቦታ ይህን ዓይነት ሥራ የጀመረ ወይም ያሰበ አካል ካለም እነዚህን ነጥቦች ከልቡ እንዲመለከታቸው እናሳስባለን። ከለገሃር እስከ ድሬዳዋ ባለው በአሮጌው መስመር ላይ አዋሽን የመሳሰሉ ባቡሩ ያቋቋማቸው ብዙ ትንንሽ ከተሞች አሉ፤ በድሬዳዋ የሚሠራው መልካም ሥራ ለእነርሱም ምሳሌ ይሆናል።

የምድር ባቡሩ ለአገራችን ያደረገው አገልግሎት ጨርቅና ቡና በማመላለስ ብቻ የሚለካ አይደለም። የማይተዋወቁ ሰዎችን በአንድ ጓሮ አገናኝቶ አብረው እንዲሠሩ፣ አብረው እንዲበሉ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ እንዲሰማ አድርጓል። ዛሬ አገራችን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋት እንዲህ ያለ መገናኛ ነው። የድሬዳዋ የጭነት መጋዘን ዕቃ መቀበሉን ትቷል፤ ሰው መቀበሉን ግን እንዳይተው ማድረግ በእጃችን ነው። የሚመለከታቸው ሁሉ ነገ ዛሬ ሳይሉ፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ፣ ግድግዳውም ቆሞ ሳለ ሥራውን እንዲጀምሩ አደራ እንላለን።